ዳግም አትጠይቅ

ከአስራ ሁለቱ ስልኮች ዘጠኙ ላይ መተግበሪያው ቆመ። ሳቢሪን ከዲንሾ ወደ ሮቤ በምትመለስበት ሚኒባስ ውስጥ፣ የአንዲት ነጋዴ የድንች ጆንያ ጉልበቷ ላይ ተደግፎባት፣ ይህቺን ቁጥር ደጋግማ ታላምጣት ነበር። አንድ ስልክ ቢሆን አሮጌ ነው ይባላል። ሁለት ቢሆን ሴትየዋ አልቻለችበትም ይባላል። ዘጠኝ ሲሆን ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሳቢሪን ደግሞ ጣት ሲቀሰርባት ዝም ብላ መቀመጥ አልፈጠረባትም። ስለዚህ በአስራ ሁለቱ ሴቶችና ከጎባ በመጡት የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት አስተባባሪ በወይዘሮ ሐመልማል ፊት፣ «የኔ ሥራ እንከን የለበትም፤ ችግሩ ስልካችሁ ነው» ብላ ላፕቶፗን ዘግታ ወጥታለች።

ከሁሉ ይበልጥ ያበገናት ስልኩ ያወጣው መልእክት ነበር። ሎን በቆመ ቁጥር ነጭ ሳጥን ብቅ ይልና «እንደ አለመታደል ሆኖ ሎን ቆሟል» ይላል። አለመታደል። ስምንት ወር የተለፋበትን ሥራ ስልኩ በዕድል ያመካኛል።

ሎን በኦሮምኛ ከብት ማለት ነው። መተግበሪያውን የሠራችው እሷ ናት፤ ስሙንም ያወጣችለት እሷው። ላሟ የታመመችባት ሴት ሎንን ትከፍታለች፣ ላሟን ፎቶ ታነሳለች፣ ከተደረደሩት ሥዕሎች መካከል የበሽታውን ምልክት ትነካለች። ቀሪውን ሎን ራሱ ይጨርሰዋል። ሴትየዋ ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት አንብቦ፣ ከምልክቱ ጋር በኤስኤምኤስ ለእንስሳት ሐኪሙ ይልካል፤ ሐኪሙ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ካርታ ላይ ደግሞ ቀይ ነጥብ ይበራል። በኤስኤምኤስ ያደረገችው ወዳ አይደለም። በዚያ በ2009 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ሳምንት ይመጣል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ የታመመች ላም ደግሞ ኔት እስኪመለስ አትጠብቅም። ፎቶው ኔት ሲመጣ ይከተላል።

ይህን ሁሉ ያስተማራት የለም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት ሲያመልጣት ሰው ሁሉ «አይዞሽ» አላት። አይዞሽ መባል ስለሚያንገሸግሻት በአጎቷ ልጅ በማሜ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጥግ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ ተቀመጠች። ትምህርቱን በፍላሽ ከግቢ ተማሪዎች እየለመነች ወሰደች። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚያው ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸው ሲበላሽባቸው እየመጡ እሷን መለመን ጀመሩ። ቶሎ እሺ ትላቸው ነበር ማለት አይቻልም።

አሁን ግን የምትፈልገው ነገር በአንድ የውል ወረቀት ላይ ተጽፎ ጎባ ተቀምጧል። ሎን በአስራ ሁለት የዲንሾ ሴቶች እጅ፣ በራሳቸው ስልክ፣ ቢያንስ በአስሩ ላይ ከሠራ፣ ፕሮጀክቱ በዲንሾ፣ በጎሮና በአንገቱ አካባቢዎች ይጠቀምበታል፤ ሳቢሪንም ባለሙያ ተብላ ትቀጠራለች። ካልሠራ ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት የራሱን ይዞ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ሐሙስ ነው።

ሱቅ ስትደርስ ማሜ የአንድ ስልክ ሆድ ዘርግፎ በማጉያ መነጽር እያየ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ኢንጂነር፣ ላሞቹ ምን አሉ?» አላት።

«ላሞቹ ደህና ናቸው። ስልኮቹ ናቸው የታመሙት።»

«ዘጠኙም?»

«ማን ነገረህ?»

«አዳዳ ረቢያ ደውለው ነበር። ‹የወንድሜ ልጅ ሰው ፊት ስልካችንን ሰደበችው› ብለው ተቀይመዋል።»

አዳዳ ማለት የአባት እህት ነው፤ አዳዳ ረቢያ የሁለቱም አክስት ናቸው፤ የዲንሾ ሴቶች የወተት ማኅበር ሰብሳቢም ናቸው። ሳቢሪን መልስ አልሰጠችም። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«በይ እስቲ እኔ ላይ ጫኚው» አለ ማሜ፣ ከገዛው ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ስልኩን እየገፋላት። በብሉቱዝ ላከችለት። ከፈተው። ስልኩ ወዲያው ጠየቀ፤ ሎን ይህ ስልክ ያለበትን ቦታ እንዲያውቅ ይፈቀድለት? ከሥሩ ሁለት ቃል፣ «ከልክል» እና «ፍቀድ»። ማሜ ሳያስብ ከልክል የሚለውን ነካ።

«ምን አደረግህ?»

«ከለከልኩት። ገና ሳንተዋወቅ የምውልበትን ሊያውቅ ነው እንዴ?»

ነጩ ሳጥን ብቅ አለ። እንደ አለመታደል ሆኖ ሎን ቆሟል።

ነገሩ ለሳቢሪን ወዲያው ገባት፤ ስለገባትም ይበልጥ ተናደደች። አሮጌ ስልኮች መተግበሪያ ሲጫን ሁሉን ነገር አንድ ላይ ያስፈቅዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አይሉም። አዲሶቹ ግን በየደጁ ቆመው ይጠይቃሉ፤ ቦታሽን ልወቅ ወይ፣ ካሜራውን ልክፈት ወይ፣ መልእክት ልላክ ወይ። የሷ ስልክ ከስምንት ወር በፊት ጠይቋታል፤ ፈቅዳለታለች፤ ረስታዋለች። ከዚያ ወዲህ ሺህ ጊዜ ብትከፍተው ስልኩ የዱሮ ፈቃዷን እያስታወሰ ያሳልፈዋል። ሎን እምቢ ተብሎ አያውቅም። እምቢ ሲባል ምን እንደሚያደርግም አላስተማረችውም። አንዴ ሲከለከል መሬት ላይ ተንከባሎ ትንፋሹን የሚያቆም ሞልቃቃ ልጅ ነው ያሳደገችው።

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ የሞከርሽው ምኑን ነው?» አለ ማሜ።

«ዝም በል።»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ እየፈቀድሽ…»

«ማሜ፣ መሳቢያህ ውስጥ ባለቤት ያጡትን ስልኮች አምጣ።»

ሰባት ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ሳቢሪን በካርቶን ጀርባ መስመር አሰመረች። ቦታ ተፈቅዶ ካሜራ ሲከለከል። ካሜራ ተፈቅዶ መልእክት ሲከለከል። ሁሉም ሲከለከል። ሁሉም ተፈቅዶ ኋላ አንዱ ሲነጠቅ። ማክሰኞንና ረቡዕን እየጫነች፣ እየከለከለች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጫነች ዋለች። አንዱን ስታቃና ሌላው ይሰበራል። መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ የት እንደደረሰች ረስቶ ይጠብቃታል። በዚህ መሃል ሰው እየመጣ «የስልክ ሽፋን አለ?» ይላታል።

ሴቶቹ ለምን እንደከለከሉ ለመገመት ግን አልደከመችም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሳም፤ ስልክ «ያለሽበትን ልወቅ» ሲል ማን ነው እሺ የሚለው? ፈርተዋል። ስለዚህ ሎን ሲከለከል እንዳይሞት አድርጋ፣ በምትኩ በኦሮምኛ ስድስት መስመር ማብራሪያ እንዲያወጣ አደረገችው። ቦታሽን የሚያየው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ለሌላ ለማንም አይሰጥም፤ ላምሽ ጋ ሳይሳሳት እንዲደርስ ነው፤ እያለ ይቀጥላል። ከማብራሪያው በኋላ ስልኩ ሁለተኛ ይጠይቃል። የስልኩ ጥያቄ ራሱ በአማርኛ ነው የሚመጣው፤ እሱን ስልኩን የሠሩት እንጂ እሷ ልትነካው አትችልም። የራሷ ሥራ መሃል የሰው እጅ ጽሑፍ መግባቱ ያንገበግባታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማሜ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ። ጥያቄው ሁለተኛ ሲመጣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ባዶ ሳጥን ትጨመራለች፤ አጠገቧ «ዳግም አትጠይቅ» የሚል አለ።

«ይቺስ?» አለ።

«እሷን ማን ይነካታል? ማብራሪያውን ካነበበች ትፈቅዳለች።»

«ካልፈቀደችስ?»

«ማሜ፣ አንተ ስልክ ታውቃለህ። እኔ ሰው አውቃለሁ።»

ዲንሾ የወተት ማሰባሰቢያው ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ሐሙስ ጠዋት የነበረው ብርድ እጅ ከኪስ አያስወጣም። ሴቶቹ በጣውላ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ሳቢሪን «አካም ቡልተን» ብላ ገባች። መለሱላት፣ ግን ሰላምታው አጭር ነበር፤ የልጁም የከብቱም የጎረቤቱም ደህንነት አልተጠየቀም። በዲንሾ ሰላምታ እንዲህ የሚያጥረው ሰው ሲቀየም ነው።

«ስልኮቻችን ዛሬ ተሽሏቸዋል ወይስ እንደታመሙ ናቸው?» አሉ አዳዳ ረቢያ።

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሳቢሪን፣ «ተሽሏቸዋል፣ አዳዳ» አለች።

ወይዘሮ ሐመልማል ቅጻቸውን በሰሌዳ ላይ ቆንጥጠው ቆመዋል። ጎባ የተወለዱ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያውቁ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሴት ናቸው። «ደንቡን ታውቂያለሽ» አሏት። «አንቺ አትናገሪም፣ አትነኪም። የሚነኩት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ አያለሁ፤ እጽፋለሁ።»

ሳቢሪን አዲሱን ሎን በየስልኩ ላይ ከጫነች በኋላ ግድግዳ ተደግፋ እጇን አጣምራ ቆመች። ፊት ለፊቷ ጁሀራ ተቀምጣለች፤ አስረኛን የጨረሰች፣ ሁለት ላም ያላት ወጣት እናት ናት። ጁሀራ ሎንን ከፈተች። ስልኩ ጠየቀ። ከለከለች። ማብራሪያው ወጣ። ጁሀራ ስድስቱንም መስመር ድምፅ እያሰማች አነበበች፤ ሲያልቅ ራሷን ነቀነቀች፤ «ጥሩ ጽፈሻል» አለቻት። ስልኩ ሁለተኛ ጠየቀ። ጁሀራ ጣቷን ወደ ትንሿ ሳጥን ወሰደች፣ ዳግም አትጠይቅ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ ከለከለች።

ሎን አልሞተም። ዝም አለ ብቻ። ላክ የሚለው ቁልፍ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ጁሀራ አንዴ ነካችው፣ ሁለቴ ነካችው፤ ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ተማሪ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ። ከዚያ ያለችውም እንዲሁ። ሳቢሪን የእያንዳንዷን ጣት ታያለች፤ ከልክል፣ ማብራሪያ፣ ሳጥን፣ ከልክል። ከንፈሯን እስኪያማት ነከሰች። «አንብባችሁ ከገባችሁ ለምን…» ብላ ጀመረች።

«ሳቢሪን» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል ከቅጹ ላይ ሳይነሱ።

ተቆጠረ። የሠራው በሦስቱ ላይ ብቻ ነው፤ ባለፈው በሠራባቸው በነዚያው ሦስቱ ላይ። አንዱ የአዳዳ ረቢያ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የተለፋበት ነገር ባለበት ቆሟል። ሳቢሪን ደንቡን ጥላ ሁለት እርምጃ ተራመደችና የጁሀራን ስልክ ከጭኗ ላይ አነሳች፤ የስልኩን ማስተካከያ ከፍታ ገብታ፣ ሎን የሚለውን ፈልጋ፣ የተከለከለውን ልትፈቅድ ጣቷን ዘረጋች።

«ያ ኢንተላ» አሉ አዳዳ ረቢያ። አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አስቀምጪው። ነይ ወደ ውጭ። ጁሀራ፣ አንቺም ነይ።»

ከቤቱ ጀርባ፣ ወይዘሮ ሐመልማል በማይሰሙበት ቦታ ቆሙ። ከመንገዱ በኩል የሚኒባስ ረዳት «ሮቤ፣ ሮቤ» ይላል።

«አሁን የነካሽው የማን ስልክ ነው?» አሉ አዳዳ ረቢያ።

«የጁሀራ።»

«የወዚር ነው። የባሏ። አንቺ ወዚርን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ በማታውቂው ሰው ንብረት ላይ ምን አግብቶሽ ነው የምትፈቅጂው?»

ሳቢሪን ወደ ጁሀራ ዞረች። «የወዚር ከሆነስ? ሎንን ስንጭን እሱ አያውቅም?»

«ያውቃል» አለች ጁሀራ። «‹ለላሞቹ ከሆነ ጫኚ› ብሎኛል። ጫንኩ። ከዚያ በኋላ ስለሚጠይቀው ነገር ግን ምንም አላለኝም። ስልኩ ‹ይፈቀድለት ወይ› ሲለኝ እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ባለቤቱን ይጠይቅ እንጂ።»

«ደውለሽ ጠይቂዋ።»

«በምን ልደውል? ስልኩ እኮ እኔ ጋ ነው።»

ሳቢሪን ጥያቄዋን ቀየረች።

«ሳጥኗን ለምን ነካሽ? ዳግም አትጠይቅ የምትለዋን?»

«ማታ ለሱ ስመልስለት ደግሞ እሱን እንዳይነዘንዘው ነዋ። እኔን ከጠየቀ አይበቃም?»

«ፈርታችሁ መስሎኝ ነበር።»

«ምኑን እፈራለሁ? ዲንሾ ውስጥ መሆኔን የማያውቅ ማን አለ?» አለች ጁሀራ፤ ከልቧ ገርሟት።

ዘጠኙም እንዲሁ ናቸው። ስልኩ የባል ነው፣ የወንድም ነው፣ የትልቅ ልጅ ነው። ሦስቱ ብቻ የራሳቸው አላቸው። ሳቢሪን ንዴቷ ከደረቷ ወደ ጭንቅላቷ ሲወጣ ተሰማት። «ታዲያ ባለፈው ሰኞ ለምን አልነገራችሁኝም? ሁለት ቀን ሙሉ በባዶ ስለፋ?»

«መቼ ጠየቅሽን?» አሉ አዳዳ ረቢያ። «ስልካችሁ ነው ችግሩ ብለሽ ሄድሽ። ደግሞስ በየት በኩል እንናገር? ፕሮጀክቱ ሲመዘግብ ‹የራሷ ስልክ ያላት ሴት› ነው ያለው። ጁሀራ የለኝም ብትል ትሰረዛለች። ዘጠኙም ይሰረዛሉ። ሐኪሙም መድኃኒቱም የሚመጣው ለተመዘገበ ነው። ስለዚህ የራሴ ነው አሉ። ውሸቱ የኔም ነው፤ እኔ ነኝ እንዲህ በሉ ያልኳቸው።»

አሁን ሳቢሪን ጥፋቱ የሷ አለመሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ እጇ ገብቷል። ገብታ ወይዘሮ ሐመልማልን፣ «እነዚህ ስልኮች የነሱ አይደሉም፤ ውሉ ደግሞ በራሳቸው ስልክ ይላል፤ ሙከራው አይቆጠርም» ብትላቸው በቂ ነው። ሙከራው ይሰረዛል። ስሟ ይነጻል። ከዚያ ዘጠኝ ሴቶች ከመዝገብ ይወጣሉ። አክስቷ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ አውቀውም ነገሯት፤ አትናገሪ እንኳ አላሏትም። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አናደዳት።

«በዚህ ስልክ ላይ ያለ ማንም ፈቃድ ምን ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት ጁሀራን፣ በቁጣ ድምፅ።

«ልጆቹን ፎቶ አነሳለሁ። መልእክት እልካለሁ። እደውላለሁ። እሱ ያውቃል፤ ያ የኔ ሥራ ነው። ይሄ ያንቺው ግን ገና ከደጅ ሳይገባ ጓዳውን ሁሉ ክፈቱልኝ ይላል።»

ሳቢሪን ወደ ቤቱ ተመለሰች። «ወይዘሮ ሐመልማል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ።»

«ምክንያት?»

«ሎን ብዙ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ እንዲሠራ አደርገዋለሁ።»

ወይዘሮ ሐመልማል ብዕራቸውን አቆሙ። ወደ ዘጠኙ ሴቶች አዩ፤ ከዚያ ወደሷ። «ማብራሪያውን አንብበው ገብቷቸዋል። ታዲያ ለምን ከለከሉ?» ብዕራቸውን ወደ ቅጹ መለሱና፣ «ስልኩ የራሳቸው ነው አይደል?» አሉ።

ጁሀራ ቀና አላለችም።

«ቅጹን የሞሉት እርስዎ ነዎት» አለች ሳቢሪን። «እኔ የማውቀው የሠራሁትን ነው። የሠራሁት ደግሞ ለማይመለከተው ነገር ሁሉ ፈቃድ የሚለምን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጥፋቱ የኔ ነው የሚለውን አንድም ቀን ለማንም ብላ አታውቅም። ጣዕሙ ሳሙና የበላች ያህል አፏ ውስጥ ቀረ።

«መኪናዬ አስር ሰዓት ላይ ወደ ጎባ ይመለሳል» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል። «ሴቶቹ ወተት ሊያስረክቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እስከዚያ።»

መብራት አልነበረም። የላፕቶፑ ባትሪ አርባ አንድ በመቶ ይላል። ሳቢሪን በወተት ጣሳዎቹ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የገዛ ሥራዋን ማረድ ጀመረች። ካሜራውን ሎን ራሱ እንዳይከፍተው አደረገች፤ የስልኩን የራሱን ካሜራ ይጥራ፣ ፎቶውን ይቀበል። መልእክቱንም ራሱ አይላክ፤ ጽፎ አዘጋጅቶ የስልኩን የመልእክት ሳጥን ይክፈት፣ ላክ የምትለው ሴትየዋ ትሁን። ይህን ያህሉ አላስቸገራትም። ቦታው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ከሳተላይት ማንበቡን ሦስት ወር ነው የለፋችበት። ተራራው ምልክቱን ሲያጠፋ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የመጨረሻውን ቦታ እንዴት እንደሚያስታውስ፣ ባትሪ እንዴት እንደሚቆጥብ፤ እንዲህ አድርጎ የሠራ በሮቤ የለም፣ በጎባም የለም። ሁሉንም መርጣ አጠፋችው። በቦታው የቀበሌዎችን ስም ደርድራ ምረጪ የሚል ተራ ዝርዝር አስገባች፤ የመጀመሪያ ወር ተማሪ የሚሠራውን ዓይነት።

ባትሪው አስራ ዘጠኝ ሲል ጨረሰች። ከማሜ ሱቅ ይዛው በመጣችው፣ የጁሀራን በሚመስል ስልክ ላይ ጭና ሞከረችው። ካሜራውን ስትነካ ነጩ ሳጥን ወጣ። እንደ አለመታደል ሆኖ ሎን ቆሟል።

ላፕቶፑን ልትወረውረው ነበር። ምንም የሚጠይቅ ነገር አልቀረም። ምንም አይለምንም። ታዲያ ምን ፈለገ? ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ባትሪው አስራ አራት ሆነ። ከዚያ አገኘችው። እያንዳንዱ መተግበሪያ ወደፊት የሚጠይቃቸውን ፈቃዶች አስቀድሞ የሚያስታውቅበት ዝርዝር አለው፤ የካሜራዋን መስመር ከዚያ መሰረዝ ረስታለች። ስልኩ ያንን ያያል፤ ካሜራ እጠይቃለሁ ብለህ አስታውቀህ ተከልክለሃል፣ እንግዲህ በኔም በኩል አታልፍም ይላል። ጭራሽ ያልጠየቀውን ያሳልፋል፤ እጠይቃለሁ ብሎ የተከለከለውን ግን በጓሮም አያስገባም። ሦስቱንም መስመሮች ሰረዘች። እንደገና አዘጋጀችው። ላፕቶፑ ባትሪው ስድስት ላይ ሳለ ጨረሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ወተታቸውን ይዘው መጡ። ወተቱ እየተለካ ሎን በየስልኩ ተጫነ። ሳቢሪን ግድግዳው ጋ ተመለሰች። ጁሀራ ከፈተችው፤ ምንም አልጠየቃትም። የለመደችው ካሜራ ተከፈተ፤ በር ላይ የታሰረችውን የሌላ ሰው ጥጃ ፎቶ አነሳች። ምልክት መረጠች። ዝርዝሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የኛ ሰፈር የለም» አለች።

«ቀበሌሽን ምረጪ።»

«ሳቢሪን» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል።

ጁሀራ ዝርዝሩን ወደታች ወሰደችው፣ ወደላይ መለሰችው፤ በመጨረሻ ቀበሌዋን መረጠችና መልእክቱ ሳጥን ውስጥ ሲከፈት፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከሥሩ «ከመስጊዱ በላይ ባለ ሁለት ባሕር ዛፍ ቤት» ብላ ጨመረችበት። ላከችው። ሐኪሙ ከሳተላይቱ ነጥብ ይልቅ በዚህ ቶሎ እንደሚያገኛት ሳቢሪን ገባት፤ መግባቱ አላስደሰታትም።

በአስራ አንዱ ላይ ሠራ። አስራ ሁለተኛው ባትሪው ሞቶ ነበር።

ወይዘሮ ሐመልማል ጻፉ፣ ደመሩ፣ ገጹን ገለበጡ። «ካርታውስ? ጎባ ያሉት የወደዱት ቀዩን ነጥብ ነበር።»

«ውሉ ላይ ካርታ የሚል ቃል የለም። በአስር ላይ ከሠራ ነው የሚለው። አስራ አንድ ነው።»

«ልክ ነሽ» አሉ። «ሰኞ ቢሮ ትገቢያለሽ። ለጊዜው ለዲንሾ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ልምድ ያለው ሰው ይመደባል፤ የምትሠሪውን እሱ እያየ ያሳልፋል።»

«እያየ ያሳልፋል ማለት?»

«ሪፖርቱን አንብበሽ ፈርሚ።»

ሳቢሪን አነበበች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች፣ የሰኞውና የዛሬ ጠዋቱ፣ ያልተሳኩት በባለሙያዋ የልምድ ማነስ ምክንያት ነው ይላል። ሁለቴ አነበበችው። ጆሮዋ ጋለ።

«‹የልምድ ማነስ› የሚለውን ይቀይሩልኝ።»

«ምን ልበል?»

«የአሠራር ስህተት ይበሉት።»

«ስህተቱ ከምን መጣ ብለው ይጠይቁኛል። ሌላ ምክንያት ካለ ቦታ አለው፤ ጻፊው» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል። ብዕሩን ዘረጉላት። ዓይናቸው ከፊቷ አልተነሳም።

ቦታ ነበረው። «ሌላ ምክንያት ካለ» ከሚለው ፊት አንድ ሙሉ መስመር ባዶ ነው። አራት ቃል ይበቃዋል፤ ስልኮቹ የሴቶቹ የራሳቸው አይደሉም። ከበሩ በኩል የወተት ጣሳ ይንኳኳል፤ አዳዳ ረቢያ የአንዷን ወተት በመለኪያ እየቀዱ፣ ወደዚህ ሳያዩ፣ መቅዳታቸውን አዘግይተዋል።

ሳቢሪን ማንም በኋላ ምንም እንዳይጨምርበት ባዶውን መስመር ከዳር እስከ ዳር በሰረዝ ዘጋችው። ከሥሩ ፈረመች፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ትንሽ ቀረው።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል ሰሌዳውን እየወሰዱ። «አትዘግዪ።»

«እስካሁን የዘገየሁበትን ምክንያት እዚያው ሪፖርቱ ላይ ጽፈውታል» አለች ሳቢሪን። «ሌላ እንዲጻፍብኝ ሰኞ አልዘገይም።» ከዚያ የሞተውን ላፕቶፕ በብብቷ ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች።